ሚዛን ላይ የማይታየው፦ የአሪየል ሻሮን ደም ማቅጠኛና የአንጎል ደም መፍሰስ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2005 እሑድ ማታ ነው። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር አሪየል ሻሮን ከኢየሩሳሌም ወደ እርሻ ቤታቸው በመኪና እየሄዱ ሳለ ታመሙ፤ ንግግራቸውም ተዘበራረቀ። ወዲያው ሐዳሳ ዐይን ከረም ሆስፒታል ገቡ። ስትሮክ ነበር፤ ቀላል የሚባለው ዓይነት። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2006 ማታ ግን አንጎላቸው ውስጥ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲያ ወደ ራሳቸው አልተመለሱም። ስምንት ዓመት ተኝተው ጃንዋሪ 11 ቀን 2014 በ85 ዓመታቸው አረፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ስትሮኮች መካከል 17 ቀን አለ። በዚያ ጊዜ ሻሮን በቀን ሁለቴ የደም ማቅጠኛ መርፌ ይወጉ ነበር። ክብደታቸው ደግሞ 118 ኪሎ ገደማ ነበር።

ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኝና ነገሩን ይዘጋዋል። «ወፍራም ሰው ነበሩ፣ ደም ማቅጠኛ ተሰጣቸው፣ ደማቸው ፈሰሰ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ክብደት የመድኃኒቱን መጠን ማስላት ከባድ ያደርጋል፤ ይህ እውነት ነው። የአንጎል ደም ሥር እንዲፈነዳ ያደረገው ነገር ግን ሚዛን ላይ የሚታይ አይደለም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት የአንድ ሕመምተኛ ዝርዝር ይህን ያህል በአደባባይ የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ነው። የተራ ሰው ፋይል ሚስጥር ነው፣ መሆንም አለበት። የሻሮን ግን በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በሐኪሞች መግለጫ ተነግሯል። የሚወዷቸውም የሚጠሏቸውም ብዙ ናቸው፤ እዚህ የማወራው ስለ ሕመምተኛው ነው። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ያን ሰሞን ያስታውሱታል። በጎንደርና በአዲስ አበባ የጉዞ ተራ ሲጠብቁ ለነበሩትም ሰውየው ሩቅ አልነበሩም፤ በ2003 የቀሩትን ፈላሽ ሙራዎች ለማምጣት የወሰነው የእሳቸው መንግሥት ነው።

የመጀመሪያው ስትሮክና የልቡ ቀዳዳ

ስትሮክ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የረጋ ደም የአንጎልን ደም ሥር ሲዘጋ ይመጣል። ሌላው ደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይጠፋል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመጀመሪያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይታሰባል። ለሁለተኛው ያው መድኃኒት ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ማንም ሐኪም አንጎልን በሲቲ ስካን ሳያይ ደም ማቅጠኛ የማይጀምረው። የሻሮን የዲሴምበሩ ስትሮክ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

ጊዜው የፖለቲካ ትኩሳት የበዛበት ነው። ሻሮን ከሊኩድ ወጥተው ካዲማ የተባለ አዲስ ፓርቲ ከመሠረቱ ገና ሳምንታት ነው። ምርጫው ለማርች 28 ተቆርጧል። ሰው ሁሉ ስለ ጤንነታቸው ይጠይቃል። ዲሴምበር 26 ሐኪሞቻቸው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንዳለ ተናገሩ። የረጋው ደም በዚያ ሾልኮ ወደ አንጎል ሄዷል የሚል ግምት ነበራቸው። ቀዳዳው በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ እንዲዘጋ ታሰበ፤ ቀጠሮውም ለጃንዋሪ 5 ተያዘ። እስከዚያ ድረስ ሌላ ደም እንዳይረጋ ኤኖክሳፓሪን ታዘዘ። ክሌክሳን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው፣ ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ ነው።

ስለ ቀዳዳው ትንሽ ልቆይ። ይህ ቀዳዳ በእናታችን ማሕፀን ሳለን ሁላችንም አለን። ሕፃኑ ገና በሳንባው ስለማይተነፍስ ደሙ ሳንባን ትቶ የሚያልፍበት አቋራጭ ነው። ከተወለድን በኋላ ይዘጋል። ከአራት ሰው በአንዱ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ አብዛኞቹም መኖሩን ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ በ77 ዓመት ሰው ልብ ላይ ቀዳዳ ተገኘ ማለት ስትሮኩን ያመጣው እሱ ነው ማለት አይደለም። በ2017 ሦስት ትልልቅ ጥናቶች አንድ ላይ ወጥተው፣ ቀዳዳውን መዝጋት በተመረጡ ሕሙማን ላይ ዳግመኛ ስትሮክን እንደሚቀንስ አሳዩ። ወደ ጥናቶቹ የገቡት ሰዎች ግን ሲመለመሉ 60 ዓመት ያላለፋቸው ነበሩ። በ2005 ይህ ማስረጃ አልነበረም። ሐኪሞቹን ስንመዝን በያኔው እውቀት መሆን አለበት።

118 ኪሎና የመርፌው ስሌት

ሻሮን ቁመታቸው 170 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው ተብሏል። 118 ኪሎን በዚህ ቁመት ስናሰላ ቢኤምአያቸው (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዘንበት ቁጥር) 40 ገደማ ይመጣል። ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። 40 ሲደርስ የመጨረሻው፣ ከባዱ ደረጃ ነው።

ኤኖክሳፓሪን ለሕክምና ሲሰጥ መጠኑ በክብደት ነው። የተለመደው ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም፣ በየ12 ሰዓቱ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ይሰጣል። በዚሁ ስሌት 118 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 120 ሚሊግራም ይደርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ አብዛኛው ደም ውስጥ ይቆያል፤ ስብ ውስጥ ብዙም አይገባም። ሰው ሲወፍር የደሙ መጠን ይጨምራል፤ ግን ከኪሎው ጋር እኩል አይጨምርም። የ118 ኪሎ ሰው ደም የ59 ኪሎ ሰው ደም እጥፍ አይደለም። መድኃኒቱን እጥፍ ስናደርገው ደም ውስጥ ያለው መጠን ከታሰበው በላይ ሊወጣ ይችላል።

«እንግዲያው ቀንሰን እንስጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያም ቀላል አይደለም። ውፍረት ራሱ ደም እንዲረጋ ያግዛል። በእግር ደም ሥር የሚረጋ ደምና ወደ ሳንባ የሚሄድ ቁራጭ ወፍራም ሰዎች ላይ ይበዛል። መጠኑን በፍርሃት የቀነሰ ሐኪም በሽተኛውን በሌላኛው በር ሊያጣው ይችላል። በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

መውጫው መለካት ነው። መርፌው ከተወጋ ከ4 ሰዓት በኋላ የመድኃኒቱን ጉልበት የሚለካ የደም ምርመራ አለ፤ አንቲ ቴን ኤ ይባላል። በቀን ሁለቴ ለሚወጋ ሰው ውጤቱ ከ0.6 እስከ 1.0 ቢሆን ይመረጣል። ዛሬ ቢኤምአያቸው 40 ያለፈ ሕሙማን ጋ ብዙ ሆስፒታሎች ከ1 ሚሊግራም ትንሽ ዝቅ ብለው፣ ለአንድ ኪሎ 0.75 ወይም 0.8 ሚሊግራም ጀምረው በዚህ ምርመራ ያስተካክላሉ። ምርመራው በየቦታው አይገኝም። የማይገኝበት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ኩላሊት ነው። ኤኖክሳፓሪን የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። ሐኪሞች የኩላሊትን አቅም የሚገምቱበት ቀመር ዕድሜን፣ ክብደትንና ክሬአቲኒን የተባለውን የደም ምርመራ ይጠቀማል። ወፍራም ሰው ላይ ቀመሩ ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ ያህል 77 ዓመቱ፣ 170 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ክሬአቲኒኑ 1.2 የሆነ ወንድ እንውሰድ። ቀመሩ ውስጥ 118 ኪሎ ብናስገባ አቅሙ 86 ይመጣል፤ ደህና ኩላሊት ይመስላል። ለቁመቱ የሚመጥነውን 66 ኪሎ ብናስገባ 48 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ የደም ናሙና፣ ሁለት በጣም የተራራቁ መልሶች። እውነቱ ብዙ ጊዜ በመሃል ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ሲወርድ የመርፌው መጠን መቀነስ ስላለበት ይህ ልዩነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምሳሌው ክሬአቲኒን የእኔ ነው፤ የሻሮን ውጤት አይደለም።

በአፍ የሚወሰዱት ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ዋርፋሪን ሲሆን ወፍራም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፤ ወደሚፈለገው ደረጃ ለመድረስም ይዘገያል። ጥሩነቱ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው፣ አይኤንአር የሚባለው ምርመራ ሁሉን መናገሩ ነው። አዳዲሶቹን እንክብሎች በተመለከተ በ2016 ዓለም አቀፉ የደም መርጋት ሐኪሞች ማኅበር ክብደታቸው ከ120 ኪሎ ወይም ቢኤምአያቸው ከ40 በላይ ለሆነ ሰዎች ባይሰጡ ይሻላል ብሎ ነበር። ማስረጃው ትንሽ ስለነበር ነው። በ2021 ምክሩን አሻሽሎ፣ በእግርና በሳንባ ደም ለረጋባቸው ሰዎች ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ክብደት ሳይገድብ መስጠት ይቻላል አለ። አፒክሳባንን ከዋርፋሪን ጋር ያወዳደረው፣ ከ18,000 በላይ ሰዎች የነበሩበት ትልቅ ጥናትም በከባድ ክብደት ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ደህንነቱን እንዳላጣ አሳይቷል። ሻሮን በታመሙበት ጊዜ ከእነዚህ እንክብሎች አንዱም በሥራ ላይ አልነበረም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። ውፍረት መጠኑን ያዛባል፣ የኩላሊትን ግምት ያሳስታል፣ የደም ግፊትንም ያስከትላል። ጤነኛ የአንጎል ደም ሥርን ግን ውፍረት ብቻውን አያፈነዳም።

አንጎል ውስጥ የነበረው

ከሁለተኛው ስትሮክ በኋላ አዲስ ነገር ተሰማ። ሻሮን ሴሬብራል አሚሎይድ አንጂኦፓቲ የተባለ የአንጎል ደም ሥር በሽታ ምልክት እንዳለባቸው ተነገረ። በዚህ በሽታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን በአንጎል ገጽ አካባቢ ባሉ ትንንሽ ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ከአልዛይመር በሽታ ጋር የሚነሳው ፕሮቲን ዘመድ ነው። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል። የደም ሥሩ ግድግዳ እንዳረጀ የውሃ ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በመጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። አንድ ቀን ግን ይፈነዳል።

እነዚያ ትንንሽ ጠብታዎች በተራ ሲቲ ስካን አይታዩም። ለደም ቅሪት በተለየ ሁኔታ የሚነሳ ኤምአርአይ ላይ ግን ጥቁር ነጠብጣቦች ሆነው ይወጣሉ። ነጠብጣቦቹ በአንጎል ዳርቻ ከሆኑና ከበዙ፣ ሰውየውም በዕድሜ ከገፋ፣ ይህ በሽታ ይጠረጠራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ደም ማቅጠኛ መስጠት ትልቅ ውሳኔ ነው። ጠብታውን ወደ ጎርፍ ሊለውጠው ይችላል።

ምልክቱ መቼ ታወቀ? ዲሴምበር ላይ ታይቶ ነበር ወይስ ከጃንዋሪው አደጋ በኋላ? ይህ ጥያቄ በእስራኤል ጋዜጦች ላይ ከባድ ክርክር አስነሳ። ሐኪሞችም በሁለት ጎራ ተከፈሉ። አንዱ ወገን «እንዲህ ያለ አንጎል ላለው ሰው ደም ማቅጠኛ አይታሰብም» አለ። ሌላው «ስትሮክ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላ ስትሮክ ያሰጋዋል፤ ያለ መድኃኒት መተው ደግሞ ሌላ አደጋ ነው» አለ።

እኔ የሁለቱንም ፍርሃት እረዳለሁ። መርፌውን ያዘዙት ሰዎች ሞኞችም ግድየለሾችም አልነበሩም። ግን ሚዛኑ ላይ የተቀመጡትን ነገሮች ተመልከቱ። በአንድ በኩል ስትሮኩን ያመጣው መሆኑ ያልተረጋገጠ ቀዳዳ አለ። በሌላ በኩል 77 ዓመት፣ መጠኑ ለማስላት የሚያስቸግር መድኃኒት፣ ዕድሜ የነካው የአንጎል ደም ሥር። በእኔ እምነት እንዲህ ባለ ሁኔታ አስፕሪን በቂ ይሆን እንደሆነ አስቀድሞ በደንብ መነጋገር ያስፈልጋል። የአንጎል ነጠብጣብ ቀድሞ ታይቶ ከሆነ ደግሞ ሙሉ መጠን ደም ማቅጠኛን ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

የጃንዋሪ 4 ማታ

ሻሮን ያን ዕለት ማታ በደቡብ እስራኤል፣ በኔጌቭ ባለው እርሻቸው ነበሩ። በማግስቱ ቀዳዳው ሊዘጋ ነው። ማምሻውን ሕመም ተሰማቸው። ቅርባቸው ያለው ትልቅ ሆስፒታል ቤርሳቤህ የሚገኘው ሶሮካ ነው። አምቡላንሱ ግን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ሐዳሳ ሄደ። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መንገድ ላይ ሁኔታቸው ተባባሰ። ሌሊቱን ሥልጣናቸው ወደ ምክትላቸው ኤሁድ ኦልመርት ተላለፈ፤ ሐኪሞች ለሰዓታት ቀዶ ሕክምና ሠሩ። ጃንዋሪ 6 እንደገና ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ።

ወደ ሐዳሳ የሄዱበት ምክንያት ይገባኛል። ፋይላቸውም ሐኪሞቻቸውም እዚያ ናቸው። ግን አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው የሚሰፋው። ደም ማቅጠኛ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ የበለጠ ይሰፋል። ሲቲ ስካንና የአንጎል ቀዶ ሐኪም ያለበት ቅርብ ሆስፒታል ካለ መልሱ እዚያ ነው። ሐኪሞች ትልቅ ሰው ሲያክሙ የሚገጥማቸው የታወቀ ፈተና አለ። ለተራው ሰው በደንብ የሚሠራው አሠራር ለባለሥልጣን ሲሆን ይታጠፋል፤ «ለእሳቸው የተለየ» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም ራሱ ባለሥልጣኑ ነው።

የቀረው ረጅም ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ኤፕሪል 2006 ሻሮን ሥልጣናቸውን በቋሚነት መወጣት እንደማይችሉ ታወጀ። ሜይ ላይ ቴል አቪቭ አጠገብ ወዳለው ሼባ ሆስፒታል ተዛወሩ። ጃንዋሪ 2013 ሶሮካ ሆስፒታል ውስጥ በተደረገ የአንጎል ምርመራ የቤተሰባቸውን ፎቶ ሲያሳዩአቸውና የልጃቸውን ድምፅ ሲያሰሟቸው አንጎላቸው ምላሽ እንደሰጠ ተመራማሪዎች ተናገሩ። ከዓመት በኋላ አረፉ።

ወደ እኛ ቤት

አገራችን ውስጥ ለዓመታት ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ብዙዎቹ የልብ ቫልቭ ሕሙማን ናቸው፤ ዋርፋሪን ነው የሚውጡት። ክሌክሳን ደግሞ እግራቸው ደም ለረጋባቸው፣ ሆስፒታል ለተኙ፣ ለአንዳንድ ወላዶች ይታዘዛል። ውፍረት በከተሞቻችን እየጨመረ ነው። አሜሪካና አረብ አገር ያለው ወገናችን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ብዙ ነው። ስለዚህ የሻሮን ስሌት ነገ የእናታችን ወይም የጎረቤታችን ስሌት ሊሆን ይችላል።

አንድ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ክብደት በግምት ይጻፋል። «ስንት ኪሎ ነዎት?» ተብሎ የተነገረው ካርድ ላይ ይሰፍራል። መጠኑ በኪሎ ለሚሰላ መርፌ ይህ አይሆንም። ሚዛን ላይ ይውጡ፤ የቤተሰብዎ ሰው ከሆነ «እባክዎ ይመዘን» ይበሉ። የኩላሊት ምርመራ መቼ እንደተሠራም ይጠይቁ። የደም ግፊት ካለ መቆጣጠር የግድ ነው፤ ለአንጎል ደም መፍሰስ ትልቁና ልንቀንሰው የምንችለው ምክንያት ግፊት ነው።

ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ የሚገዛ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከደም ማቅጠኛ ጋር አደገኛ ነው። ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። የወገብ ሕመም ያለበት ወፍራም ሰው እነዚህን ማዘውተሩ የተለመደ ስለሆነ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ ይንገሩት። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም ትልቅ እብጠት ሊያስከትል ስለሚችል ከመወጋትዎ በፊት «ደም ማቅጠኛ ላይ ነኝ» ይበሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የባህል መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ አለበት።

መድኃኒቱን ፈርቶ በራስ ማቆም ግን ሌላ ጥፋት ነው። የተሰጠበት ምክንያት አለ። ጥርጣሬ ካለ ሐኪሙን «ለምን ታዘዘልኝ? እስከ መቼ ነው? አንጎሌን አይታችኋል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መዘበራረቅ ከታየ ሲቲ ስካን ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የመጨረሻው መርፌ የተወጋበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት በኪስ ይኑር። ሰዓቱ የሚጠየቀው ለወግ አይደለም። የኤኖክሳፓሪንን ጉልበት የሚያረክስ ፕሮታሚን የተባለ መድኃኒት አለ፤ ሙሉ በሙሉ አያረክሰውም፤ ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው። መርፌው ከተወጋ 8 ሰዓት ካልሞላው ለእያንዳንዱ 1 ሚሊግራም ኤኖክሳፓሪን 1 ሚሊግራም ፕሮታሚን ይሰጣል። 8 ሰዓት ካለፈ ግማሹ ይበቃል። ከ12 ሰዓት በላይ ከሆነ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።